ሲቦርድ፦ መናገር ለሚቸገር ሰው በአማርኛ ሊያገለግል የሚችል የስልክ ሰሌዳ

የንግግር እክል ያለባቸውን ሰዎች ለማገዝ ከተሠሩት የስልክ መተግበሪያዎች መካከል፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ቤተሰብ ምንም ሳይከፍል አውርዶ በራሱ ቋንቋ ሊያደራጀው የሚችለው የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ መልሴ ሲቦርድ ነው። ከእርሱ የላቀ ዝግጅትና የጠራ ድምፅ ያላቸው መተግበሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ከሲቦርድ በላይ የሚመሰገኑት አብዛኞቹ ዋጋቸው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፣ ወይም ቋንቋቸው ከእኛ ቤት አይገባም። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ውስጥ እንደሚሠራ ሰው፣ እንዲሁም ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) ያለባት የእህቴ ልጅ በዚህ ሰሌዳ ከእኛ ጋር ስትነጋገር እንደማይ ዘመድ፣ መተግበሪያው ምን እንደሚሠራና አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲጠቀምበት ምን ሊጠነቀቅ እንደሚገባ በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ሲቦርድ በመሠረቱ የሥዕል ሰሌዳ ነው። ሲከፈት በሣጥኖች የተከፋፈለ ገጽ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ሥዕልና ከሥዕሉ ጋር የሚሄድ ቃል አለ፤ ተጠቃሚው ሣጥኑን ሲነካ ቃሉ በድምፅ ይሰማል፣ ሥዕሉም በገጹ አናት ባለው መስመር ላይ ይሰለፋል፤ መስመሩ ሲነካ ደግሞ የተሰለፈው ሁሉ በተከታታይ ይነገራል። አንዳንዶቹ ሣጥኖች ወደ ሌላ ሰሌዳ የሚያስገቡ ናቸው፤ «ምግብ» የሚለው ሲነካ የምግብ ዓይነቶች፣ «ቤተሰብ» የሚለው ሲነካ የሰዎች ፎቶዎች ይከፈታሉ። እጁ የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ሣጥኖቹ በተራ እየበሩ እንዲያልፉ አድርጎ፣ የሚፈልገው ሲደርስ በአንድ ንክኪ ብቻ መምረጥ ይችላል።

መተግበሪያው የውስጥ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነጻ ሥራ ሲሆን፣ የዩኒሴፍ የፈጠራ ፈንድ ድጋፍ አግኝቷል፤ ዩኒሴፍም በክሮኤሺያ፣ በሰርቢያና በሞንቴኔግሮ መናገር ለሚቸገሩ ሕፃናት እንዲዳረስ አድርጎታል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተጭኖ ወይም በኢንተርኔት ማሰሻ ተከፍቶ ይሠራል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በእጁ ከያዘው ስልክ የተለየ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሥዕሎቹም ሙልቤሪና አራሳክ ከተባሉት፣ ፈቃዳቸው ለሕዝብ ከተለቀቀ የሥዕላዊ ምልክት ስብስቦች የተወሰዱ ናቸው። አራሳክ በስፔን የአራጎን ክልላዊ መንግሥት የሚያስተዳድረው ስብስብ ሲሆን ከ10,000 በላይ ምልክቶች አሉት። ምልክቶቹ ለአውሮፓ ኑሮ የተሣሉ በመሆናቸው የቤታችንን ዕቃና ምግብ ሁሉ ይይዛሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሲቦርድ ግን በስልኩ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ለመጨመር ስለሚፈቅድ፣ የቤቱን ምጣድ፣ የቤቱን ጀበና፣ ልጁ የሚተኛበትን አልጋ እንዳለ ማስገባት ይቻላል። ለትንንሽ ልጆችም ሆነ ለአረጋውያን እንግዳ ከሆነ ሥዕል ይልቅ የሚያውቁት ዕቃ ፎቶ ቶሎ እንደሚገባቸው ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድምፅ እመጣለሁ። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች የተጻፈውን ቃል የሚያነቡት በስልኩ ውስጥ ባለ የንባብ ድምፅ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የልጅ፣ የወጣትና የአዋቂ ድምፅ ተመርጦ የሚወሰድበት ጊዜ ላይ ደርሰናል፤ ለአማርኛ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ኢስፒክ የተባለው ነጻ የንባብ ሥርዓት አማርኛን ያነባል፣ ድምፁ ግን የብረት ድምፅ ይመስላል። ማይክሮሶፍት በአዡር አገልግሎቱ «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ እነዚህ ወደ ሰው ድምፅ በጣም የቀረቡ ናቸው፣ ግን ሁለቱም የአዋቂ ድምፆች ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ማንኛውም ማሽን አንዳንድ ቃላትን በግምት ለማንበብ ይገደዳል፤ ለአጭር ቃል ደግሞ ከዐውዱ ፍንጭ የሚያገኝበት ዕድል አነስተኛ ነው።

ሲቦርድን ከሌሎች የማስቀድምበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አንድን ሣጥን ሲያርሙ ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ብቻ ሳይሆን፣ በስልኩ ማይክሮፎን የሰው ድምፅ ቀድቶ ከሣጥኑ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሣጥኑ ሲነካ የሚሰማው ያ የተቀዳው ድምፅ ነው፤ የማሽን ንባብ አያስፈልግም፣ ስልኩ አማርኛ ባያውቅም ችግር የለውም። በዚህ መንገድ ሰሌዳውን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም ቤተሰቡ በሚናገረው በማንኛውም ቋንቋ ማዘጋጀት ይቻላል፤ የአካባቢው አነጋገርም እንደ ወሎ፣ እንደ ጎጃም ወይም እንደ ሸዋ ሆኖ ይቀራል።

ድምፁን ማን ይቅዳው የሚለው ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ ስልኩን የምትይዘው እናት ስለሆነች የሁሉም ሣጥን ድምፅ የእናት ድምፅ ይሆናል፤ ልጁ «ርቦኛል» ሲል የእናቱ ድምፅ ይሰማል፣ በትምህርት ቤትም ጓደኞቹ ልጁ ራሱ እንደተናገረ አድርገው ለመቀበል ይቸገራሉ። ስለዚህ በዕድሜም በጾታም የሚቀራረብ የአክስት ወይም የጎረቤት ልጅ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ከአፉ አንድ ጋት ያህል አርቆ ቢቀዳ እጅግ የተሻለ ነው። የእህቴን ልጅ ሰሌዳ የቀዳችው እኩያዋ የሆነች የአጎቷ ልጅ ናት፤ ልጅቱ ድምፁን እንደ ራሷ አድርጋ ስትይዘውና ሌላ ሰው በሰሌዳዋ ሲጫወት ስትቆጣ ማየት፣ የድምፅ ምርጫ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አሳምኖኛል።

ከድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ስለ እነዚህ መተግበሪያዎች በሚጻፈው ውስጥ ብዙም የማይነሣው ጉዳይ የቋንቋችን አወቃቀር ነው። ዝግጁ ሆነው የሚመጡት ሰሌዳዎች የተቀረጹት በእንግሊዝኛና በመሰል ቋንቋዎች አስተሳሰብ ነው፤ ተጠቃሚው «እኔ»፣ «መፈለግ»፣ «ውሃ» የሚሉ ሦስት ሣጥኖችን በተራ ቢነካ በእንግሊዝኛ ስሜት የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ያንኑ ሰሌዳ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ የሚጠቀም ቤተሰብ ግን ልጁን ማንም በማይናገረው አማርኛ እንዲናገር ያደርገዋል። አማርኛ ግሱን ከመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ማን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደረግ፣ አዎንታ ይሁን አሉታ ሁሉም በግሱ ላይ ተያይዞ ይመጣል፤ ትእዛዝና ልመና ደግሞ የሚነገረውን ሰው ጾታና ክብር ሳይለይ አይወጣም። ለወንድም «ስጠኝ»፣ ለእህት «ስጪኝ»፣ ለአያት «ይስጡኝ» ማለት የሚገባው ልጅ አንድ «መስጠት» የሚል ሣጥን ቢሰጠው ምንም አልተሰጠውም።

እኔ የደረስኩበት መፍትሔ ሰሌዳውን ከመሠረቱ በአማርኛ አስቦ መሥራት ነው። ስሞቹን በግራ፣ ግሶቹን በቀኝ ማስቀመጥ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓረፍተ ነገሩ በተፈጥሮው ቅደም ተከተል እንዲወጣ ያደርጋል፤ «ውሃ» ከዚያ «እፈልጋለሁ»፣ «ወደ ውጭ» ከዚያ «እንሂድ»። ግሶቹን ባልተረባ መልክ ሳይሆን ሰው በሚናገራቸው መልክ፣ እንደ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «እወዳለሁ»፣ «ጨረስኩ»፣ «ይበቃኛል» አድርጎ መቅዳት ያስፈልጋል። የልመና ግሶችን በሁለት ሰሌዳ ለይቶ አንዱን ለእኩዮች፣ ሌላውን ለትልልቅ ሰዎች ማድረግ ብዙ ሣጥን ይወስዳል፤ ቢሆንም አንድ ልጅ ለአያቱ በአክብሮት መናገር መቻሉ በቤተሰቡ ዘንድ ያለውን ቦታ ስለሚወስን ድካሙ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ለዚህ ዓይነት ሰሌዳ በጣም የሚመች ጎንም አለው። የሰውነትና የስሜት ሁኔታን የምንገልጽባቸው «ርቦኛል»፣ «ጠምቶኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «በርዶኛል»፣ «ፈርቻለሁ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆኑ በአንድ ንክኪ የተሟላ ሐሳብ ይወጣል። ለሕመም ሰሌዳ ደግሞ የአካል ክፍሎቹን «ሆዴን»፣ «ጥርሴን»፣ «ጉሮሮዬን»፣ «ራሴን» አድርጎ መቅዳትና በመጨረሻ አንድ «አሞኛል» የሚል ሣጥን ማስቀመጥ ነው፤ በሁለት ንክኪ ሐኪም ፊት ያለ አስተርጓሚ መናገር ይቻላል።

ሰሌዳ ላይ ምን ይግባ በሚለው ላይ አንድ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ብዙ ቤተሰብና አንዳንድ ባለሙያም ጭምር የመጀመሪያውን ሰሌዳ በውሃ፣ በምግብ፣ በሽንት ቤትና በመኝታ ይሞሉታል፤ እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፣ ግን ሰው የሚናገረው የሚፈልገውን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ሰላምታ በእኛ ዘንድ ረጅምና ተመላልሶ የሚባል ነው፤ መናገር የማይችል ሰው እንግዳ ሲመጣ «እንደምን ዋሉ» ብሎ ቢጀምር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ቢመልስ፣ እንግዳው ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከእርሱ ጋር እንጂ ስለ እርሱ ከእናቱ ጋር አይሆንም። ሲቦርድ በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው አጭር ሆኖ የሚነገረው ረጅም እንዲሆን ስለሚፈቅድ፣ «ሰላምታ» የሚል አንድ ሣጥን ሙሉ የሰላምታ ዓረፍተ ነገር ሊይዝ ይችላል። ከዚህም ጋር «አልገባህም፣ ሌላ ነገር ነው ያልኩት»፣ «ቆዩ፣ ገና እየፈለግሁ ነው»፣ «ተወኝ»፣ «አንተስ?»፣ «ውሸት ነው!» የሚሉ ሣጥኖች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፊት ገጽ ላይ ሊኖሩ ይገባል። እምቢ የማለትና ሰውን የማረም መብት የሌለው ሰሌዳ ለተጠቃሚው ሳይሆን ለአስታማሚው የተሠራ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮችን ልጨምር። ሰሌዳው ሲቆለፍ ልጁ ሣጥኖችን ሊያጠፋ ወይም ቅንብሩን ሊነካ አይችልም፤ የሚከፈተው የቁልፉን ምልክት አራት ጊዜ በመንካት ስለሆነ ትልቅ ሰው ሳይቸገር ይከፍተዋል። የሣጥኖቹን ቁጥር መወሰን ይቻላል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጥቂትና ትልልቅ ሣጥን ይሻላል፣ ታብሌት ላለው ግን ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጎ ጀምሮ ባዶ ሣጥኖችን ቀስ በቀስ መሙላት ይመረጣል። ምክንያቱም ተጠቃሚው ከጊዜ በኋላ ቃሉን የሚያገኘው ሥዕሉን በማየት ሳይሆን ቦታውን በእጁ በማስታወስ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የተቀመጠን ሣጥን ማንቀሳቀስ እንደገና ማስተማር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰሌዳው በልጁ እጅ ተሰጥቶ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። በዙሪያው ያሉት ሰዎች በአፋቸው እየተናገሩ እነርሱም ሣጥኖቹን እየነኩ ማሳየት አለባቸው፤ ማንኛውም ሕፃን ቋንቋን የሚማረው ለብዙ ወራት ሲነገር እየሰማ እንደሆነ ሁሉ፣ የሰሌዳ ቋንቋም ሲነገርበት ሳያይ አይለመድም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት በእኛ አገር ይህ ሥራ በቤተሰብና በመምህራን ላይ ይወድቃል። በሥራዬ ከወላጆች አዘውትሬ የምሰማው ሥጋት «ልጁ ስልኩን ከለመደ አፉን መክፈት ያቆማል» የሚል ነው፤ ሥጋቱ ከፍቅር የመጣ ነውና በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ በጥንቃቄ ከተመረመሩት 27 ሰዎች መካከል 89 በመቶው እንደ ሥዕል ሰሌዳ ያለ አማራጭ የመግባቢያ ዘዴ ከጀመሩ በኋላ የንግግር መሻሻል እንዳሳዩ፣ ንግግሩ የቀነሰበት ሰው ግን እንዳልተገኘ አሳይቷል። መሻሻሉ በአብዛኛው መጠነኛ ነበር፤ ሰሌዳው ንግግርን እንደማያዳፍን ግን ግልጽ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሳነጻጽረው፣ በዘርፉ ስሙ የገነነው ፕሮሎኮ ቱ ጎ ነው። የአምስተርዳሙ አሲስቲቭዌር በ2009 እ.ኤ.አ. ለአይፎን ያወጣው ይህ መተግበሪያ፣ በሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጡ የነበሩትን ልዩ የመናገሪያ መሣሪያዎች በስልክ መተካት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው፤ የቃላት አደረጃጀቱ ከሲቦርድ በእጅጉ የበሰለ ነው። ሆኖም ለአፕል መሣሪያዎች ብቻ የተሠራ ነው፣ ለረጅም ጊዜ በ250 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል፣ የተዘጋጀውም ለእንግሊዝኛ፣ ለስፓኒሽ፣ ለፈረንሳይኛና ለደች ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁ በትምህርት ቤት በዚህ መተግበሪያ የሚማር ከሆነ ይቀጥልበት እላለሁ፤ ከአያቱ ጋር ለሚነጋገርበት ቋንቋ ግን በሲቦርድ ሁለተኛ ሰሌዳ ቢሠራለት መልካም ነው።

አፕል በ2023 እ.ኤ.አ. ከአይ ኦ ኤስ 17 ጋር ያወጣቸው ሁለት አገልግሎቶች ለሌላ ዓይነት ሰው የታሰቡ ናቸው። አንዱ የተጻፈውን በስልክ ጥሪ ላይ ሳይቀር በድምፅ የሚናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ኤ ኤል ኤስ ባለ፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ በሚያዳክም በሽታ ድምፁን ሊያጣ የተቃረበ ሰው አስቀድሞ ዓረፍተ ነገሮችን አንብቦ የራሱን ድምፅ የሚመስል ድምፅ በስልኩ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የሚያስችል ነው። በጣም የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሲጀመር ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ለአማርኛም አልተዘጋጀም። እንዲህ ያለ ሕመም የተነገረው አማርኛ ተናጋሪ ሰው ድምፁ ሳይደክም በፊት የዘወትር አባባሎቹን፣ የልጆቹን ስም፣ ምርቃቱንና ቀልዱን ራሱ በሲቦርድ ሣጥኖች ላይ ቢቀዳ፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር መፍጠር ባይችልም የራሱ ድምፅ ከእርሱ ጋር ይቆያል።

የጉግል ፕሮጀክት ሪሌት ደግሞ ከሥዕል ሰሌዳ የተለየ መንገድ የተከተለ ነው፤ ጥርት አድርጎ መናገር ያቃተው ሰው የተወሰኑ ሐረጎችን ቀድቶ ስልኩን አነጋገሩን ያስተምረዋል፣ ስልኩም የተናገረውን ተረድቶ ጥርት ባለ ድምፅ ይደግምለታል። ይህም ሲጀመር ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነበር። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የጨመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህን መሰሉ አገልግሎት ግን የተለመደውን አነጋገር እየሰማ የተማረ ስለሆነ ምላሱ የሚከብደውን ሰው በደንብ ይረዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ያ ክፍተት ካልተሞላ በስተቀር የእኛ ተጠቃሚዎች በንክኪ ሰሌዳ ላይ መወሰናቸው አይቀርም።

በአገር ውስጥ ስለተደረገው ጥረት ሲነሣ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስም ሳይጠራ አይታለፍም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ፣ መናገር ለሚቸገሩ ልጆች በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ዘዴው ልጁ ድምፅ እንዲያወጣ የሚያለማምድ ስለሆነ ከሰሌዳ ጋር አይጋጭም፤ ልጁ ድምፆችን እየተለማመደ እስከዚያው በሰሌዳው ሐሳቡን ሊገልጽ ይችላል።

የሲቦርድን ውስንነት ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። የተቀዳ ድምፅ ግስን በራሱ ሊያረባ አይችልም፤ ሐሳቡ እየሰፋ የሚሄድ ልጅ ወይም ማንበብና መጻፍ የሚችል አዋቂ ከጊዜ በኋላ በፊደል ተጽፎ የሚነበብ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሙሉ የአማርኛ ሰሌዳ ማዘጋጀት በአንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ በሃያና በሠላሳ ሣጥን ጀምሮ በየሳምንቱ መጨመር ይሻላል። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ ከቤት ከመውጣት በፊት ዳታውን አጥፍቶ እያንዳንዱ የተቀዳ ሣጥን መሰማቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። የርካሽ ስልክ ድምፅ በታክሲና በገበያ ጫጫታ ውስጥ ስለማይሰማ፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ መጨመር ይጠቅማል። ስልኩም ከተቻለ ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን፤ የሰውን መናገሪያ ለጥሪ ወይም ለቪዲዮ ከእጁ መውሰድ አይገባምና።

መብራት ለሚጠፋበትና ባትሪ ለሚያልቅበት ጊዜ ሲቦርድ ሰሌዳውን በፒዲኤፍ አውጥቶ ለማተም ያስችላል፤ ታትሞ በላስቲክ የተለበጠ ሰሌዳ ድምፅ ባይኖረውም በጣት እየጠቆሙ ለመነጋገር ያገለግላል፣ የሣጥኖቹም ቦታ ከስልኩ ጋር አንድ ስለሆነ አዲስ ነገር መማር አይጠይቅም። ሰሌዳውን በፋይል መልክ አውጥቶ ለሌላ ቤተሰብ ወይም ለመምህር መላክም ይቻላል፤ ከመላክ በፊት ግን የልጁ ፎቶ፣ ሙሉ ስምና የቤት አድራሻ ያለባቸውን ሣጥኖች ማንሣት ያስፈልጋል፤ ሰሌዳውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ በመተግበሪያው ላይ ለሚያወጣም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል። የግሶቹን፣ የሰላምታውንና የሕመሙን ሰሌዳ በጥንቃቄ የሠራ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ቢያካፍል፣ የሚቀበለው ቤተሰብ ድምፁን በራሱ ልጅ እኩያ እንደገና ከማስቀዳትና የቤቱን ፎቶዎች ከመጨመር በቀር ብዙ ሥራ አይቀረውም።